የጋሼ ዘለቀ መስታወት

የጋሼ ዘለቀን ሞት ያረዳኝ የድሮው መሥሪያ ቤታችን ዘበኛ አያ በላይ ነው። አያ በላይ ስልክ ሲደውል ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም። ያን ዕለት ግን ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ስለ ባሕር ዳር ሙቀት ጠየቀኝ፣ የጉልበቴን ሕመም ሳይቀር አንሥቶ ጠየቀኝ። በደህና እንዳልደወለ ገባኝ።

«ያ ሰውዬ ዐረፈ» አለ በመጨረሻ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ላሜን ፎቶ ያነሣብኝ ነዋ!»

ሳቅና ዕንባ አንድ ላይ መጡብኝ። ጋሼ ዘለቀ ዋንዛዬ ፍል ውሃ አጠገብ እህቱ ቤት ታሞ ሰንብቶ፣ ውሃውም ሳይረዳው ቀርቶ ነው የሞተው። አያ በላይ የቀብሩን ነገር ሲያወራልኝ፣ ከርብ ወንዝ ዳር ድረስ ሰው በመኪና ተጭኖ እንደመጣ፣ ሴቶቹ «ያተረፍኸን፣ ያወጣኸን» እያሉ እንዳለቀሱለት ነገረኝ። ጋሼ ዘለቀ ያንን ልቅሶ ቢሰማ ኖሮ ተነሥቶ ይሄድ ነበር። በመጨረሻ ዘመኑ «ያተረፍኸን» የሚለውን ቃል የፈራውን ያህል የፈራው ነገር አልነበረም። ለምን እንደሚፈራው ደግሞ፣ እሱ ከሞተ ወዲህ፣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ፎገራ ሜዳ ላይ ባለችው ወረታ ስመደብ ገና ለጋ የሰብል ባለሙያ ነበርኩ። የተመደብኩበት የገበሬዎች ማሠልጠኛ ከሩዝ ማሳዎቹ ጋር የተያያዘ ግቢ ነው፤ ክረምት ሲገባ እንቁራሪቱ ከአስተማሪው በላይ ይጮኻል። በግቢው መጨረሻ ላይ መስኮቷ በጥቁር ቀለም የተደፈነ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ከውስጧ እንደ ኮምጣጤ ያለ ሽታ ይወጣል። ያቺ የጋሼ ዘለቀ ክፍል ነች። በወረቀት ላይ «የሥዕልና የድምፅ ክፍል» ትባላለች፤ እኛ ግን «ጨለማው ቤት» ነበር የምንላት።

ጋሼ ዘለቀ ረጅም ነው፣ ትከሻው የጎበጠ፣ የጣቶቹ ጫፍ በፊልም ማጠቢያ መድኃኒት የበለዘ። በካሜራ ቀዳዳ ሲመለከት ከመኖሩ የተነሣ ግራ ዐይኑ ሁልጊዜ ግማሽ ክድን ያለ ነው። ሰው ሲያነጋግር ፊቱን ሳይሆን ፊቱ ላይ ያረፈውን ብርሃን ነው የሚያየው። በመጀመሪያው ቀን ገብቼ «እንደምን ዋሉ ጋሼ?» ስለው ቀና እንኳ አላለም።

«አንቱ አትበይኝ» አለኝ። «አንቱ ሲሉኝ የሞትሁ የሞትሁ ይመስለኛል።»

ከዚያ ወዲያ «አንተ» አልኩት። ባልደረቦቼ «አባቷን የሚያህለውን ሰው!» እያሉ ታዘቡኝ፤ እሱ ግን ደስ አለው።

ያን ጊዜ ዲጂታል ካሜራ ገብቷል፣ ስልክም ፎቶ ማንሣት ጀምሯል። ፊልምና ስላይድ የሚባሉት ነገሮች ከየቢሮው ወደ መጋዘን እየወረዱ ነበር። ጋሼ ዘለቀ ደግሞ ከመጋዘን ወደ ጨለማው ቤት መልሶ ያወጣቸዋል። ከየፎቶ ቤቱ ጥግ ጊዜው ያለፈበት ፊልም ይለቅማል። የስላይድ ፕሮጀክተሩ አምፖል ተቃጥሎ ሌላ ከየትም አልገኝ ሲል የጭነት መኪና የፊት መብራት ገጠመበትና በመኪና ባትሪ አስነሣው። ማራገቢያው ሲሞት የአንድ የተጣለ ኮምፒውተር ማራገቢያ ፈትቶ ሰካበት። ስላይዶቹን አንድ በአንድ በእጁ መቀየር ሲሰለቸው ደግሞ የብስክሌት ካቴናና የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር አገናኝቶ፣ ማሽኑ ራሱ እየጎተተ እንዲቀያይር አደረገው። ሲሠራ «ቀጭ... ቋ፣ ቀጭ... ቋ» የሚል ድምፅ ነበረው። ዛሬም የሆነ በር እንደዚያ ሲል ብሰማ እደነግጣለሁ።

ከሁሉም የሚገርመው ግን ያለ ሰው የሚያነሣው ካሜራ ነው። አንድ አሮጌ የሚደውል የጠረጴዛ ሰዓት ነበረው። የደወሉን መዶሻ ከካሜራው ቁልፍ ጋር በቀጭን ሽቦ አሰረው። ሰዓቱ ሲደርስ ደወሉ በመጮኽ ፈንታ ካሜራው ያነሣል፤ ከዚያ ትንሽ ሞተር ፊልሙን ወደፊት ትስበዋለች። ባለቤቱ ወረታ ተቀምጦ ሽሮውን ይበላል፣ ካሜራው እዚያ ባስቀመጠው ቦታ ሆኖ ያያል።

እንዴት እንደሚሠራ ጠይቀነው ነግሮን አያውቅም። ስንጠይቀው ጀርባውን ያዞርብናል። «አይተሽ ካልገባሽ ብነግርሽም አይገባሽ» ይለኝ ነበር። ያናድደኛል! ሌላው ሰው የሠራውን ለማስረዳት አድማጭ ሲፈልግ ይውላል፤ እሱ ብልሃቱ ተሸሽጎ ውጤቱ ብቻ ሲታይለት ነበር ፊቱ የሚበራው። ኩራት ነው ብዬ አስብ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ዐይን አፋርነትም ነበረበት፤ ሰው ፊት ቆሞ ብዙ መናገር ላብ ላብ ይለው ነበር።

የአያ በላይ ላም ነገር እንዲህ ነው። ከመጋዘናችን የዘር ሩዝ እየጎደለ አስቸገረ። አያ በላይ «አይጥ እንጂ ሌላ አይዶለም፤ የፎገራ አይጥ ድመት ያህላል» ብሎ ማለ። ጋሼ ዘለቀ ዝም ብሎ ሰማውና ማታውን በመጋዘኑ በር ላይ ክር ወጠረ፣ ክሩን ከካሜራው ቁልፍ ጋር አያያዘው። ፊልሙ ሲታጠብ የአያ በላይ ላም አፏን በሩዝ ሞልታ፣ ዐይኗ በብልጭታው በርቶ፣ ካሜራውን ትክ ብላ እያየች ወጣች። ሥዕሉን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈው። ግቢው በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አያ በላይ ግን «ላሜን አስደንግጠህ ወተቷን አነጠፍህብኝ» እያለ ያገኘው ሁሉ ዘንድ ይከሰው ነበር።

ከሳቁ በኋላ ፍርሃት መጣ። ሰው ሳይኖርበት የሚያይ ዐይን ማን ይወዳል? ለሥልጠና የሚመጡ ሴቶች በጨለማው ቤት በኩል ሲያልፉ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ያደርጋሉ። አንዲት ሽማግሌ ሴት እጄን ይዛ «ልጄ፣ ይኸ ሰው የሚያየው ያለፈውን ነው ወይስ የሚመጣውን?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀልድ መስሎኝ ስቄ አለፍኳት፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ጋሼ ዘለቀ የተወለደው ከወረታ ወጣ ብሎ ርብ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት የሚካኤል ደብር አጠገብ ነው። ርብ በሜዳው ላይ እንደ ሰከረ ሰው ነው የሚሄደው፤ ዘንድሮ በዚህ ካለ ከርሞ በዚያ ይላል፣ ያንዱን ማሳ ቆርሶ ለሌላው ይሰጣል። «አባቴ ያረሰው መሬት ላይ ዛሬ ዓሣ ይመላለስበታል» ይል ነበር ጋሼ ዘለቀ፣ እንደ ቀላል ነገር።

የደብሩ ታቦት በከተራ ዕለት ወርዶ የሚያድረው በዚሁ ወንዝ ዳር፣ አፋፉ ላይ፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በተለየ ቦታ ነው። ቦታው የተከበረ ስለሆነ ከብት አይጠጣበትም፣ ልብስ አይታጠብበትም፣ ውሃ ለመቅዳትም አይወረድበትም። ከዓመት እስከ ዓመት ከላይ ይረግጡታል እንጂ ከታች የሚያየው የለም። ሣሩና ሐረጉም ከአፋፉ ወደ ውሃው ተንጠልጥሎ እንደ መጋረጃ ሸፍኖታል።

ይኼ ነገር የጋሼ ዘለቀን ሆድ ይበላው ጀመር። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ሳለ ከመሬት ተነሥቶ፣

«ከላይ የምንረግጠው መሬት ከታች መኖሩን በምን እናውቃለን?» አለኝ።

ካሜራውን በቆርቆሮ ሣጥን አድርጎ ከወንዙ ማዶ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ካለ ሾላ ላይ አሰረው። ከወዲህ ደግሞ፣ በተከበረው አፋፍ መሐል ላይ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ችካል ተከለ። ካሜራው በየማለዳው፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከሐረጉ ስር ስትገባ፣ አንድ ጊዜ ያነሣል። በዚያ የሚያልፉ ሰዎች ሣጥኑን ሲያዩ ያማትቡ ነበር አሉ።

ፊልሙን እያመጣ ሲያጥብ አብሬው ጨለማው ቤት እገባለሁ። መጀመሪያ ላይ ያየሁት ጭቃ፣ ሐረግና ነጭ ችካል ብቻ ነው። ክረምቱ እያለፈ ሲሄድ ከችካሉ በአንድ ወገን፣ የወንዙ ድልድይ ባለበት በኩል፣ ጥላ ታየ። «የደመና ይሆናል» አልኩት። በሚቀጥለው ፊልም ላይ ጥላው ሰፋ። በሚቀጥለው ጠቆረ። የደመና ቢሆን ይመጣል ይሄዳል፤ ይኼ ግን በቦታው ተቀምጦ ያድጋል። ውሃው ከስር ገብቶ የቦረቦረው ዋሻ ነበር። ከላዩ ስስ መሬትና ሣር አለ፤ ጥር ሲገባ ደግሞ ያን ሣር ደብሩ ሙሉ ሰው ሊቆምበት ነው።

«ደግነቱ ክረምቱ አልፏል» አልኩት ራሴን ለማጽናናት። «ውሃው ጎድሏል፤ ከእንግዲህ አይበላም።»

«ውሃው ሞልቶ ሳለ ደግፎ ይዞት ነበር» አለኝ ሥዕሉን በብርሃን ላይ እንደያዘ። «የሚወድቀው ደጋፊው ሲሄድ ነው።»

የሜዳው ሰው ወንዝን የሚፈራው በክረምት ነው። በበጋ ርብን የሚፈራ ሰው ቢኖር መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ በቃል መናገር ዋጋ እንደሌለው ጋሼ ዘለቀ ያውቃል፤ ማሳየት ነበረበት። ማሳየት የነበረበትም ለአንድ ሰው ነው፤ ለቄሰ ገበዝ መንገሻ።

ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ሁሉ የሚጠብቅ ማለት ነው። ምንጣፉ፣ ጥላው፣ መስቀሉ፣ ጽናጽሉ በእሳቸው እጅ ነው፤ የከተራው ድንኳን የት እንደሚተከል የሚያዙትም እሳቸው ናቸው። ከጋሼ ዘለቀ ጋር ፊደል አብረው ቆጥረዋል። ወረታ ለገበያ በመጡ ቁጥር ጨለማው ቤት ጎራ ሳይሉ አይሄዱም። «ዘለቀ፣ ዛሬስ የማንን ላም አዋረድህ?» እያሉ ሲገቡ ያ ዝምተኛ ሰው እንደ ልጅ ይስቅ ነበር።

በኅዳር አንድ እሑድ፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ ፕሮጀክተሩንና ባትሪውን በባጃጅ ጭነን ሄድን። የሰንበቴውን ቤት መስኮት በጋቢ ሸፍነን ነጭ አቡጀዲ ወጠርን። ማሽኑ «ቀጭ... ቋ» ሲል ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ችካሉ ታየ፣ አፋፉ ታየ። ከዚያ አንዲት ሴት ተነሣች።

«እኔ ወንዙን ፊት ለፊት ሳየው ድልድዩ በግራዬ ነው። እዚህ ላይ ድልድዩ በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ» አለ ጋሼ ዘለቀ። «ከማዶ ነው የተነሣው።»

«እንዴ! ድልድዩን ነቅለህ አዞርኸው?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። የኔ ማሳ ወዲህ ነው፣ የኔ ወዲያ ነው የሚለው ጭቅጭቅ ተነሣ። ጋሼ ዘለቀ ላቡ መጣ። ያኔ ቄሰ ገበዝ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«ዝም በሉ እስቲ! ፊት ለፊቴ የቆመ ሰው ቀኙ ለኔ ግራዬ አይደለምን? ሥዕሉም እንዲያ ነው። ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ እያላችሁ እዩት።»

ሰው ሁሉ እጁን እያነሣ ግራና ቀኙን ሲፈትሽ ባትሪው ደከመ። ብርሃኑ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ዋሻው ሳይታይ ቀረ።

የሰዉ ሳቅ ጋሼ ዘለቀን አሞታል። ወረታ ስንደርስ፣ «እነሱ ከሚገለብጡት ማሽኑ ይገልብጥላቸው» አለ።

ከአንድ ፀጉር ቤት የመስታወት ስባሪ ለምኖ አመጣ። ከፕሮጀክተሩ አፍ ፊት ለፊት ሰያፍ አድርጎ አቆመው። ብርሃኑ መስታወቱ ላይ አርፎ ወደ አቡጀዲው ሲዞር ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። በዚህ ዐይነት ከማዶ የተነሣው ሥዕል ከወዲህ ቆመው የሚያዩት ሆኖ ይወጣል፤ ድልድዩም በግራቸው ይገኛል። ስላይዶቹን ገልብጦ ቢሰካቸው ያው ነበር። ግን ያ ለጋሼ ዘለቀ መፍትሔ አይደለም፤ አዲስ ነገር የማይፈጠርበት መላ አይጥመውም። መስታወቱን በጥቁር ካርቶን ሸፈነው። ከውጭ ለሚያየው ማሽኑ አፍንጫው ትንሽ ረዘመ እንጂ ምንም አልሆነም።

«አሁን ማንም ምንም አይጠይቀኝም» አለኝ እጁን እያሻሸ።

እኔም እውነትም ብልሃት ነው ብዬ አደነቅኩት።

ሥዕሉ በታኅሣሥ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታይ እኔ ለሥራ ወደ አንበሳሜ ከተማ ሄጄ ነበር። ባትሪውን ተሸክሞ የሄደው አያ በላይ ነው። ስመለስ በሩ ላይ ጠብቆ ያዘኝ፤ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«መሬት ስትበላ አየሁ» አለኝ። «ችካሏ ቆማለች፤ ከጎኗ ያለው አፍ ደግሞ ይከፈታል፣ ይከፈታል፣ ይከፈታል። ማሽኑ ቋ ባለ ቁጥር ይሰፋል። ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ቄሰ ገበዝ መጨረሻ ላይ ተነሥተው ‹ገብቶናል፤ ድንኳኑን ዘንድሮ ከተቦረቦረው ራቅ አድርገን ከችካሉ በወዲያኛው ወገን እንተክላለን› አሉ። ሁሉም አሜን አለ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ በላይ ስለ ላሟ ጋሼ ዘለቀን መክሰሱን ተወ። ጋሼ ዘለቀን ሳገኘው ደግሞ ፊቱ በርቶ ነበር። «አንድም ሰው አልጠየቀኝም!» አለኝ። ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚያ የኮራበት አልነበረም።

በከተራ ዕለት አብረን ልንሄድ ተቀጣጠርን። እሱ እንደ ልማዱ አንድ ነገር ሲፈታ ሲገጥም አረፈደ፤ ስንደርስ ታቦቱ ወርዶ ድንኳን ገብቷል። ሜዳው በነጭ ልብስ ተሸፍኖ ነበር። ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ወጣቶቹ እየዘለሉ ይጨፍራሉ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ከባጃጁ ወርደን ጥቂት እንደሄድን ጋሼ ዘለቀ ቆመ። ያ ግማሽ ክድን የነበረው ዐይኑ ጭራሽ ተከፈተ።

«ችካሉ የት አለ?» አለኝ።

ችካሉን አየሁት። በስተቀኝ፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚወርድበት ወገን፣ ከሕዝቡ ውጭ ብቻውን ቆሟል። ድንኳኑ ከችካሉ በስተግራ፣ በድልድዩ ወገን ነበር። ዋሻው ያለው በድልድዩ ወገን ነው። ደብሩ ሙሉ ሰው በላዩ ቆሞ ይዘላል።

ሰው እየገፋ ሮጠ፣ እኔም ተከተልኩት። ቄሰ ገበዝን ከድንኳኑ በር አጠገብ አገኘናቸው። ጋሼ ዘለቀ ጆሯቸው ስር ገብቶ፣

«በማይሆነው ላይ ተክለዋል! እዚህ ነው የተቦረቦረው!» አላቸው።

«ምን ትላለህ? በሥዕሉ ላይ በግራ ነበር። ከማዶ ስለሆነ ገልብጬ ቀኝ አልሁ፤ የሐይቁን ወገን ሸሽቼ ነው ወደዚህ ያመጣሁት።»

«ማሽኑ ገልብጦት ነበር፣ ቄሰ ገበዝ። ያሁኑ መስታወት አለበት። መገልበጥ አልነበረብዎትም።»

ቄሰ ገበዝ ወደ እግራቸው ተመለከቱ። ፊታቸው አመድ ሲመስል አየሁ። ከዚያ ግን ቀና አሉ፤ ድምፃቸው እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

«ከሦስታችን በቀር ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«እንዳትጮኹ። ሰው ከሮጠ አብረን እንገባለን።»

ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ለካህናቱ ምን እንዳሉ አላውቅም። ወዲያው ግን ጥላው ተዘረጋ፣ ታቦቱ እንደገና ተነሣ። እዚያው ማደር የነበረበት ታቦት ሲነሣ ሕዝቡ ደነገጠ፤ ግን ታቦት ሲነሣ ተቀምጦ የሚቀር ሰው የለም። ከበሮው ቀደመ፣ ሁሉም በዝማሬው ተከተለ። ቄሰ ገበዝ በእጃቸው «በቀስታ፣ በቀስታ» እያሉ ያዛሉ። ያ ሁሉ ሰው እየዘመረ፣ እልል እያለ፣ ከሞት ላይ እየተነሣ መሆኑን ሳያውቅ ቀስ ብሎ ወደ ሜዳው መሐል ሄደ። ከበሮው ሲመታ ከእግሬ ስር ሌላ ከበሮ የሚመልስለት ይመስለኝ ነበር። መሮጥ እየፈለግኩ ተራመድኩ፤ ሕፃን ያዘለች ሴት ስትዘገይብኝ በትከሻዬ ገፋ አደረግኳት።

የመጨረሻዎቹ ሽማግሎች ከአፋፉ ሲርቁ ቄሰ ገበዝ ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። ጋሼ ዘለቀ እጃቸውን ያዘ።

«ይተዉት! ንብረት ነው፤ ይቅር!»

«የማንን ነው የምተወው?» አሉት። ገበዝ ናቸው፤ የተረከቡትን ጥለው አይሄዱም።

መስቀሉንና ጽናጽሉን ይዘው ወጥተው እጄ ላይ አኖሩልኝ። ለምንጣፉ ተመለሱ። የሰማሁት ድምፅ ትልቅ አልነበረም፤ የእህል ጆንያ ከትከሻ ሲጣል እንደሚሰማው ያለ ነው። ስዞር ድንኳኑ ከነበረበት ሰማይ ይታያል። የድንኳኑ ጫፍ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ነበር። ዝማሬው ከሩቅ ጥቂት ቀጠለ፤ ከዚያ ከኋላ ወደ ፊት እየተቆረጠ ሄዶ ቆመ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አስከሬናቸውን ከታች አገኙት። ምንጣፉን አልለቀቁትም ነበር።

ሕዝቡ የሆነውን በራሱ መንገድ ተረዳው። ዘለቀ ሮጦ መጣ፣ ለገበዙ ነገራቸው፣ ታቦቱ ተነሣ፣ ሁሉም ተረፈ። ድንኳኑ ለምን እዚያ እንደተተከለ የጠየቀ የለም፤ ርብ ተንኮለኛ ነው፣ መሬቱ ወዲህም ወዲያም ተበልቶ ይሆናል አሉ። በቄሰ ገበዝ ቀብር ላይ ጋሼ ዘለቀ ተነሥቶ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ የኔ መስታወት ነው» አለ። ሐዘን መሰላቸው። ሽማግሎቹ ትከሻውን ሳሙት፤ እናቶች ልጆቻቸውን እያመጡ «ያተረፈህ ይኸ ነው» እያሉ እጁን አስነኳቸው። እሱ እጁን ሲሸሽግ፣ እነሱ ሲፈልጉት፣ ቆሜ ማየት አልቻልኩም።

ካሜራውን ከሾላው ላይ አወረደ። የጨለማውን ቤት መስኮት ቀለም በምላጭ ፍቆ አነሣው፤ ብርሃን ሲገባበት ክፍሏ የማንም ተራ ክፍል ሆነች። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ለቆ ዋንዛዬ እህቱ ዘንድ ሄደ። እኔም ወደ ባሕር ዳር ተዛወርኩ።

ከመሞቱ በፊት አንድ ጊዜ ሄጄ አየሁት። በሐሙሲት በኩል አድርጌ ዋንዛዬ ስደርስ ከፍል ውሃው ወጥቶ ጋቢውን ደርቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። በጣም ከስቷል። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ስለ አያ በላይ ጠየቀኝና ሳቀ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ወደ ከተራው ቀን ተመለሰ። እኔም አዘንኩለት፣ ተቆጣሁትም።

«ራስህን መብላት አይበቃህም?» አልኩት። «መስታወቱን የሠራኸው ለእነሱ ብለህ ነው። ስለ መስታወቱ ማን ጠየቀህ? ቄሰ ገበዝ አንድ ቃል ቢጠይቁህ ኖሮ ትነግራቸው ነበር።»

ጋቢውን ሰብስቦ አጎነበሰ። በሽታው ነው ብዬ ላነሣው እጄን ዘረጋሁ። አልተነሣም።

«ጠይቀውኝ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«በከተራው ዋዜማ። ለገበያ መጥተው ጨለማው ቤት ጎራ አሉ። ከበሩ ላይ ቆሙ። ‹ዘለቀ፣ የኋለኛውም ሥዕል ከማዶ ነው አይደል የተነሣው?› አሉኝ። እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ፤ ቀናም አላልሁ። ‹አዎ፣ ከማዶ ነው› አልኋቸው። አመስግነውኝ ሄዱ።»